ከፏፏቴው እስከ ፍልውሃው፦ በቦንጋ ጫካ እንግዳ ያዞርኩባቸው ዓመታት

ጡረታ በወጣሁበት ቀን መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢና አንድ ጃንጥላ ሸለመኝ። ጋቢው ለወግ ነው፤ ጃንጥላውን ግን አስበውበታል። ቦንጋ ውስጥ ለጡረተኛ ጃንጥላ መስጠት ገና ከቤት ትወጫለሽ፣ ገና ትንከራተቻለሽ ማለት ነው። ኃላፊው ስሜን አንዴ ሙና አንዴ ሚና እያሉ አመስግነውኝ ከተቀመጡ በኋላ፣ በቦታዬ የተተካችው ባለሙያ ወደ ጥግ ሳብ አድርጋኝ፣ «እትዬ ሙና፣ የሙሉ ቀን የጫካ ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ በሁለት ገጽ ይጻፉልኝ፤ ማኑዋል ይሆነኛል» አለችኝ።

ጻፍኩላት። መነሻ ሰዓት፣ የእግር መንገድ፣ ምሳ፣ የዝናብ ልብስ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሣጥን። መልሼ ሳነበው ውሸት የለበትም። ነገር ግን ያንን ወረቀት ብቻ ይዞ የወጣ ሰው የወሰዳቸውን እንግዶች በሰላም ይመልሳል ብዬ መማል አልቻልኩም። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ረዘመ የሚል ካለ ይታገሰኝ፤ እኔም ብዙ ሰው ታግሻለሁ።

ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ነበር። የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን የማውቀው ለሱቅ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር፤ ስንት ነው፣ ውድ ነው፣ ነገ ና። ጫካውን ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፣ ግን ከመስኮት ነው። ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። መንግሥት ተለውጦ፣ ክልልና ዞን ተዋቅሮ፣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ «የቱሪዝም ዴስክ ተከፍቷል፣ ወደዚያ ተዛውረሻል» ተባልኩ። ዴስኩ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን ነበር። ደመወዙ አልተጨመረም፤ የሥራ መዘርዝሩ ግን ሦስት ገጽ ሆነ።

የመጀመሪያውን የጉዞ ዕቅዴን ያወጣሁት በካርታና በማስመሪያ ነው። ከመኪናው መንገድ እስከ ፏፏቴው ለካሁ፣ ከፏፏቴው ሸንተረሩን ተሻግሮ እስከ ፍልውሃው ለካሁ፣ ደመርኩና በሰው የእርምጃ ፍጥነት አካፈልኩ። ረፋድ ላይ ሁሉም ነገር አልቆ እንግዶቹ ለምሳ ቦንጋ ይገባሉ። በጣም አምሮብኝ በቀይ ከለር አሰመርኩበት።

ይህን ወረቀት ያሳየሁት ለጋሽ አደሎ ነው። ጋሽ አደሎ የሺሺንዳ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። ብዙ ዓመት የደን ጠባቂ ሆነው ሠርተው፣ በዚያን ጊዜ መንገድ መሪ ተብለው ለእኔ ዴስክ ተመድበው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። ወረቀቴን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«ሙና፣ ካርታሽ ጭቃ የለውም» አሉ።

«ምን ማለት ነው ጋሽ አደሎ?»

«ሰላምታም የለውም። በዚህ መንገድ ላይ አሥራ አንድ ቤት አለ። በአሥራ አንዱም ሰላም ሳትይ ልታልፊ ነው?»

ያን ጊዜ ሳቅኩ። በሳምንቱ ግን አብሬያቸው ስሄድ ገባኝ። በካርታዬ ላይ የሃምሳ ደቂቃ መንገድ የሆነው ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ከእግሬ ላይ አወለቀው። በየደጁ ሰው ይወጣል፣ ይጠይቀናል፣ ግቡ ይለናል፣ አንገባም ካልን ቅር ይለዋል። አራተኛው ቤት ላይ ቆጮና እርጎ ቀረበልን፣ ስድስተኛው ላይም እንደገና። ፏፏቴው ዘንድ ስደርስ ከድካሙ ይልቅ ጥጋቡ ከበደኝ።

ጋሽ አደሎ ለዚህ መላ ነበራቸው። በገበያ ቀን ሺሺንዳ ይሄዱና ለመንደሩ ሰዎች፣ «በዚህ ቀን እንግዶች ያልፋሉ፤ የዚህ ሳምንት ተራ የእገሌ ቤት ነው» ብለው ያስነግራሉ። ያን ቀን የሚገባው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቆሞ ሰላም ይባላሉ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ተራው ይዞራል። ማንም አይቀየምም፣ ማንም እንግዳ ሆዱ ተነፍቶ አቀበት አይወጣም። እስካሁን ድረስ ከዚህ የበለጠ የጉዞ ዕቅድ አላየሁም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጉዞ ከመኖሩ በፊት በዋዜማው፣ እንግዶቹ በሚሄዱበት በዚያው ሰዓት፣ እንግዶቹ የሚሸከሙትን ያህል ተሸክመው መንገዱን ይሄዱታል። ባዶ እጃቸውን ሄደው አያውቁም። በተነፈሱበት ቦታ ይቀመጣሉ፤ በማግስቱ እንግዶቹ የሚያርፉት እዚያ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከስሙ በፊት ጫማውን ነው የሚያዩት። ከሁሉ ቀርፋፋውን መርጠው ከፊት ያስቀድሙታል። «ፈጣኑ ከፊት ከሄደ ቡድኑ ሁለት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ አንድ ነኝ» ይላሉ። ውሃ የሚጠጡት የመጨረሻው ሰው ከጠጣ በኋላ ነው። ሰዓት ስምንት ሊሞላ ሲል ወንዙን ተሻግረን ካላለፍን ፊታቸው ይለወጣል፤ የከሰዓቱ ዝናብ ለማንም ቀጠሮ አያራዝምም።

አንዴ ወፍ ለማየት የመጡ ባልና ሚስት አንድ ዛፍ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀመጡብን። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ልቤ ሊወጣ ነው። ጋሽ አደሎ ግን ምሳ የጫነችውን በቅሎ ከምሳው ቦታ አስመጥተው እዚያው ዛፍ ሥር ምሳ አስቀረቡና ፏፏቴውን ከቀኑ ሰረዙት። «ያገኙትን ካላገኙት ጋር አትለውጪባቸው» አሉኝ። ባልና ሚስቱ ሲሄዱ እያቀፉ ነው የተሰናበቱን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሙሉ ቀኑ ጉዞ ቁም ነገር ዙር መሆኑ ነው። ጠዋት በአንድ በኩል ወደ ፏፏቴው እንወርዳለን፣ ሸንተረሩን እናቋርጣለን፣ ከሰዓት በሌላ በኩል ፍልውሃው ዘንድ እንወጣለን፤ መኪናው እዚያ ይጠብቀናል። ሰው ደክሞት ሙቅ ውሃ ውስጥ እግሩን ሲነክር ቀኑን ሙሉ ያማረረውን ይረሳል። በፏፏቴውና በፍልውሃው መካከል ያለው የአንድ ሰዓት መንገድ ግን የሚያልፈው በጋሽ ቆጭቶ ጫካ ውስጥ ነው። ያ መንገድ ከሌለ የወረደውን ቁልቁለት ተመልሶ መውጣት ነው፤ ፍልውሃው የለም፣ ቀኑም ግማሽ ቀን ይሆናል።

ጫካው በወረቀት የመንግሥት ነው። በአገሩ ሰው ዘንድ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአባት ከአያት የወረሰው ኮቦ አለው፤ ቡናውን የሚለቅምበት፣ ቀፎውን ረጃጅም ዛፎች ላይ የሚሰቅልበት የጫካ ድርሻ ማለት ነው። ሳይጠይቁ ማለፍ የሰው ጓዳ በርግዶ እንደ መግባት ነው። ስለዚህ ጋሽ አደሎ መጀመሪያውኑ ይዘውኝ ሄደው ከጋሽ ቆጭቶ ጋር አስተዋወቁኝ።

ጋሽ ቆጭቶ አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ገመድ ይዘው ዛፍ ላይ ይወጣሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን እስከ መጨረሻው «አንተ» ነው ያሉኝ።

«እለፍ» አሉኝ። «እንግዳ ጥሩ ነው። ቀፎ አትንካ። ደግሞ ማር ስቆርጥ፣ ማታ ነው የምቆርጥ፣ በማግስቱ ንብ ተቆጥቷል። ያን ቀን ከጫካ መግቢያ፣ መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ቆርጬ አስተኛለሁ። ያንን ካየህ ተመለስ።»

ሌላ ምንም አልጠየቁም። ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። በዚህ ስምምነት ብዙ ጊዜ አለፍን። ሁለት ጊዜ ቅርንጫፉን አገኘነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ አደሎ ወዲያው ዞር ብለው መመለስ ጀመሩ፤ እንግዶቹም ተከተሏቸው።

በዚያ ሰሞን አለቃዬ አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ ሪፖርት በጣም ይወዱ ነበር። ከአዲስ አበባ አራት የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤቶች መጥተው መንገዳችንን እንዲያዩ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ሰዎቹ ከወደዱት እንግዳ ይልካሉ፣ እንግዳ ከተላከ መንደሩም እኛም እንጠቀማለን። ቀኑ ሚያዝያ ውስጥ ተቆረጠ፤ የማር ወቅት ነው። ለጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው የጋሽ አደሎ ሚስት ወንድም ዐረፈና እሳቸው ወደ ደካ ለለቅሶ ተነሡ።

አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሉ፣ «ወይ ቀኑን ለውጪ» አሉኝ። «ካልሆነ በዋዜማው መንገዱን ሂጂው፤ ቆጭቶንም አግኚው።»

«እሺ» አልኩ።

ቀኑን አልለወጥኩም፤ አቶ ደምሴ አይሰሙኝም ነበር። በዋዜማውም አልሄድኩም፤ የእንግዶቹን አልጋና ምሳ ሳሰናዳ ዋልኩ። ሌሊቱን ከባድ ንፋስ ሲነፍስ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ በተሰበረ ቅርንጫፍ ተሞልቶ ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ እያነሣሁ ወደ ዳር እጥላለሁ። እንግዳ ፊት መንገድ መጥረግ ያደግሁበት ነው፤ አባቴ ደንበኛ ሲመጣ ከሱቁ ደጅ ድንጋይ ያነሣ ነበር። ስንነሣ ዘግይተናል፣ ፏፏቴው ዘንድ ፎቶ ሲነሡ ደግሞ ዘገየን። አቶ ደምሴ ከኋላ፣ «ሙና፣ ሰዓት! ሙና፣ ሰዓት!» ይላሉ። ከጋሽ ቆጭቶ ጫካ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል።

ጎንበስ ብዬ ያዝኩት። ጫፉ በገጀራ የተቆረጠ ነበር። ንፋስ እንደሰበረው እንጨት የተቀነጠሰ አልነበረም፤ ልሙጥ ነበር። አይቼዋለሁ። ይህንን መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲጠይቀኝ አላየሁም እል ነበር፤ አይቼዋለሁ። በጣም አጭር ጊዜ ቆምኩ። ብንመለስ ያንን ሁሉ አቀበት እነዚህን ሰዎች አስወጥቼ፣ ፍልውሃውን ሳያዩ፣ ዝናብ መትቷቸው ቦንጋ እንደሚገቡ አሰብኩ። ምናልባት የዛሬ ሳምንት የተቆረጠ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቅጠሉ ግን ገና ትኩስ ነበር። ከመንገዱ በታች ወረወርኩትና «በዚህ በኩል» አልኩ።

ንቡ የመጣው ወደ መሀል ገብተን ለምሳ ካረፍን በኋላ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ቀጥሎ ድምፁ። ሰው መሮጥ ጀመረ፤ ማንም የት እንደሚሮጥ አያውቅም። ምሳችንን የጫነችው በቅሎ ዛፍ ላይ ታስራ ስለነበር መሸሽ አልቻለችም። በቅሎዋ የጋሽ ቆጭቶ ምራት የአልማዝ ነበረች፤ አልማዝ ቅቤና ቡና ይዛ ሺሺንዳ ገበያ የምትመላለሰው በእሷ ነበር። ከእንግዶቹ አንዷ ወይዘሮ ሰብለ፣ ሞላ ያለች የሃምሳ ዓመት ሴት፣ ሥር ጠልፏት ወደቀች። ነጠላዬን በላይዋ ጥዬ እኔም በላይዋ ተኛሁ። ፊቷ ዓይኔ እያየ ሲያብጥ፣ ትንፋሿ ሲያጥር ይሰማኛል። ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ፤ ከዚያ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ጋሽ ቆጭቶ የደረሱልን ጭስ የያዘ እርጥብ ቅጠል በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። ጭሱን በላያችን እያዞሩ ከጫካው አወጡን። የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ሠርተው ወይዘሮ ሰብለን እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ጤና ኬላ ስንደርስ ነርሷ መርፌ ወጋቻት። አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ዓይኗን ገልጣ፣ «ጫማዬ የት አለ?» ስትል የጤና ኬላው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። በቅሎዋ ግን ሞተች።

እዚያው በረንዳ ላይ፣ ሁላችንም ፊታችን እንዳበጠ፣ ጋሽ ቆጭቶ መጥተው ቆሙ።

«ቅርንጫፍ ማን አነሣ?» አሉ።

አቶ ደምሴ ቀደም ብለው፣ «ንፋስ ነው ጋሽ ቆጭቶ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስ አደረ አይደል?»

ጋሽ ቆጭቶ እሳቸውን አላዩዋቸውም። የሚያዩት እኔን ነው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ጠብቀው ሄዱ። አልማዝ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም አላለችኝም።

በሳምንቱ ግምገማ ተደረገ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ባልተጠበቀ የተፈጥሮ ክስተት ምክንያት» ተብሎ ተጻፈ። ያቀረቡት አቶ ደምሴ ናቸው፤ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ፈረምኩም። ለአልማዝ በሞተችው ምትክ ሌላ በቅሎ ተገዛላት፣ ወረቀቱ ግን ወራት ፈጀ። ለሚቀጥለው ጉዞ ፈቃድ እንዲጠይቅ ሰው ብልክ ከጋሽ ቆጭቶ የመጣው መልስ ሁለት ቃል ነበር፤ «መንገድ የለም።»

ጋሽ አደሎ ከለቅሶ ተመልሰው ሁሉንም ከሌላ ሰው ሰምተው ነበር። ቢሮ ገብተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እስኪቆጡኝ ጠበቅሁ። አልተቆጡም።

«ተቆርጦ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እንግዲህ ሄደሽ ንገሪው።»

«እርስዎ አብረውኝ አይሄዱም? እርስዎን ይሰማሉ። ካፊኖኖም አልችል።»

«አልሄድልሽም» አሉ። «እኔ ብናገር እሱ የሚሰማው አደሎን ነው። አንቺ ነሽ ያነሣሽው።» ከዚያ በካፊኖኖ «ቅርንጫፉን ያነሣሁት እኔ ነኝ» የሚለውን እየደጋገሙ አስጠኑኝ። ቃል በቃል፣ ምላሴ እስኪለምደው።

ብቻዬን ሄድኩ። ጋሽ ቆጭቶ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለቀፎ የሚሆን ልጥ ያለሰልሱ ነበር። የተማርኩትን ዐረፍተ ነገር ተናገርኩ። ልጡን ሳያስቀምጡ በአማርኛ መለሱልኝ።

«አውቃለሁ። በማግስቱ ከመንገድ በታች አገኘሁት። እኔ የቆረጥኩትን አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«አንተ ትናገር እንደሆነ።»

«አሁን ተናገርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ቆጭቶ።»

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «መንገድ ግን የለም። ንብ ሰው ነደፈ፣ እብጠቱ ይወርዳል። እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ፣ እየሮጥኩ እንግዳ አልመልስም። ያለኝ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። አይቶ የሚያነሣው ካለ፣ በምን አስቆማለሁ?»

ቡና አቅርበው፣ ቆጮ አብልተው ሸኙኝ። እንግዳ ሆኜ ገባሁ፣ እንግዳ ሆኜ ወጣሁ፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል።

ቢሮ ተመልሼ አንድ ገጽ ጻፍኩና ለአቶ ደምሴ ሰጠኋቸው። ቅርንጫፉን ያነሣሁት እኔ ነኝ የሚል ነው። «ምን አስቸኮለሽ፣ ፋይሉ ተዘግቷል እኮ» አሉኝ። እኔም ፋይሉን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያያዝኩት። ቅጣቱ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ጠባብ ጫማ ያወለቅሁ ያህል ነው። ለወይዘሮ ሰብለም ደብዳቤ ላክሁ። መልሷ ዘግይቶ መጣ። «የበላችኝ ንብ የሠራችውን ማር ካልላክሽልኝ አልምርሽም» የሚል ነበር። ከሺሺንዳ ገበያ አንድ ባልዲ ማር ገዝቼ ሰደድኩላት። የየትኛዋ ንብ እንደሆነ ግን ልምልላት አልቻልኩም።

ሁለት ዓመት ያለ ዙሩ ሠራን። እንግዶችን ፏፏቴ አውርደን በዚያው መንገድ እናወጣቸዋለን። አቀበቱን ሲወጡ ፊታቸውን ማየት አልወድም ነበር። አንዳንድ ቀን ወደ ቢታ ገነት በሚወስደው መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ አወጣሁ፤ ጥሩ ነበር፣ ግን ፍልውሃ የለውም። አቶ ደምሴ በዚህ መሀል ተዛወሩ። ሌላ አለቃ መጡና፣ «በወረዳው በኩል ደብዳቤ ይጻፍ፣ ጫካው እኮ የመንግሥት ነው» አሉ። በዚያን ቀን ነው በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃ ፊት ድምፄን ከፍ ያደረግሁት። «ደብዳቤው ከወጣ እኔ መንገድ አልመራም» አልኩ። ደብዳቤው አልወጣም።

ጋሽ አደሎን አብረን ስንሄድ እያየሁ መማሬን ቀጠልኩ። ዋዜማ ሁልጊዜ መንገዱን ራሴ እሄዳለሁ፤ ምሳውን በጀርባዬ ተሸክሜ። ጉልበታቸው ሲደክም እሳቸው ከኋላ ሆኑ፣ እኔ ከፊት። በየወሩም አንድ ቀን ጋሽ ቆጭቶ ዘንድ እወጣ ነበር። ስለ መንገዱ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ልጥ ሲያለሰልሱ እረዳለሁ፣ ስለ ንብ ይነግሩኛል፣ ካፊኖኖዬን ሲሰሙ ይስቃሉ። አልማዝ በመጀመሪያው ዓመት ምግብ ታቀርብልኝና ትወጣለች። በሁለተኛው ዓመት መቀመጥ ጀመረች። ቤቱን ወደድኩት፤ መንገዱ ባይከፈትም መሄዴን አልተውም ነበር ብዬ አሁን በድፍረት እናገራለሁ። ያን ጊዜ ግን ከዚያ ቤት በወጣሁ ቁጥር ያ የጫካ መግቢያ በስተግራ ይታየኛል። አንድም ቀን ሳላየው አላለፍኩም።

እንደገና ሚያዝያ መጣ። አንድ ረፋድ ላይ ቢሮ ተቀምጬ አልማዝ ከነጭቃዋ በሩ ላይ ቆመች። አዲሷን በቅሎ ደጅ አስራታለች። ከዚያ በፊት ቢሮዬ መጥታ አታውቅም። የሰው ሞት መስሎኝ ብድግ አልኩ።

«ደህና ነን» አለች። «አባባ ልኮኝ ነው። ነገ ማታ ማር ይቆርጣል። ከነገ ወዲያ እንግዳ እንዳታመጪ ብሏል።»

«በየት በኩል?» አልኩ፤ አልገባኝም።

«በእኛ ጫካ በኩል ነዋ።»

«አልማዝ፣ እኔ እኮ በእናንተ ጫካ እንግዳ ካሳለፍኩ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«እኔም ይህንኑ ነግሬዋለሁ» አለች። «ሂድና ንገረው አለኝ። አንቺን ማለቱ ነው።»

ጋሽ ቆጭቶ ያን ያህል መንገድ ሰው የላኩት ለተዘጋ መንገድ አልነበረም።

«ከዚያ ወዲያስ?» አልኳት። «ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ምን አሉ?»

«ከዚያ በኋላማ ምን ይላል? እሱ ካልላከብሽ ማለፍ ነው።»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አልማዝ ደንግጣ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች።

«ምነው እትዬ ሙና? አታምጪ ስላለሽ ነው እንዴ የምታለቅሺው? አንድ ቀን ብቻ እኮ ነው!»